«መድኃኒት» ብለን የምንጠራው መርዝ፡ የቲማቲም ማሳ አረምና የቤተሰብ ጤና

በዛሬው ዓምዳችን ከማሳ ተነሥቶ እስከ ጓዳ ስለሚደርስ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። ጉዳዩ የቲማቲም ማሳን ከአረም ለመከላከል የሚረጨው የፀረ አረም ኬሚካል ነው። «ይህ የግብርና ባለሙያ እንጂ የሐኪም ጉዳይ ነው ወይ?» ይሉ ይሆናል። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስጀምር የማስበው እንደዚያ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ታካሚ ነው።

በስምጥ ሸለቆ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ በሚመረትበት አካባቢ በጀማሪ ሐኪምነት ስሠራ፣ አንድ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ወጣት አመሻሽ ላይ በወንድሙ ሞተር ሳይክል ተጭኖ መጣ። ቀኑን ሙሉ የመስኖ ቦይ ሲጠርግ ውሎ ቤቱ ሲገባ ክፉኛ ጠምቶት ነበር። በረንዳው ጥግ የቆመ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አየ፤ አነሣና አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ጣዕሙ እንግዳ ሲሆንበት ወዲያው ተፋው። እናቱ ደንግጠው ወተት አጠጡት። በእግሩ እየተራመደ ነው ወደ ድንገተኛ ክፍል የገባው። «አፌን ትንሽ ያቃጥለኛል እንጂ ደህና ነኝ» አለኝ።

የደም ግፊቱም ሆነ አተነፋፈሱ ደህና ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ ወንድሙን ስጠይቀው፣ «የአረም መድኃኒት ነው፤ ከገበያ የተቀዳ» ከማለት በቀር ሌላ አያውቅም። ጠርሙሱ ላይ ስም የለም፤ መለያ ወረቀት የለም። እኔም ወንድሙን «አይዞህ፣ ይሻለዋል» አልኩት። በማግስቱ የልጁ አፍና ጉሮሮ ቆሰለ። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ቀነሰ። ሳምንት ሳይሞላው መተንፈስ እያቃተው መጣ። ወንድሙ ወደ ሻጩ ተመልሶ ኬሚካሉ የተቀዳበትን ትልቁን ጀሪካን አይቶ ሲመጣ ስሙ ታወቀ፤ ፓራኳት ነበር። ወጣቱ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈ። «ይሻለዋል» ያልኩትን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ አረም የምጽፈው። ቲማቲም ቢያመርቱም፣ ዘመድዎ ቢያመርትም፣ ወይም ከገበያ ገዝተው ብቻ ቢበሉም ጉዳዩ ይመለከትዎታል።

ስሙ ያዘናጋናል

በአገራችን የሚረጭ ነገር ሁሉ «መድኃኒት» ይባላል። የአረም መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት እንላለን። መድኃኒት ሲባል ደግሞ እጃችን ይላላል፤ ከአልጋ ሥር እናስቀምጠዋለን፣ በባዶ እጃችን እንበጠብጠዋለን፣ ለጎረቤት በጠርሙስ እንቀዳለን።

እስቲ አንድ ጊዜ እውነተኛውን መድኃኒት ያስቡ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት እንክብል ስም አለው። መጠኑ ተለክቷል። ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ የሚያውቅ ባለሙያ አዝዞታል። የአገልግሎት ዘመኑ ተጽፎበታል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል አይውጡትም። ማሳዎ ላይ የሚረጩት ኬሚካልም ቢያንስ እነዚህን አራት ነገሮች ካላሟላ ቤትዎ አይግባ። ስም የሌለው ጠርሙስ ሐኪሙንም እጁን አስሮ ያስቀምጠዋል።

የትኛው ኬሚካል ምን ያደርጋል?

ፀረ አረም ኬሚካሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ቲማቲም አምራቹ ብዙ ጊዜ የሚሰማቸውን አራቱን ብቻ ልጥቀስ።

ግላይፎሴት ያገኘውን አረንጓዴ ተክል ሁሉ የሚያደርቅ ነው። ቲማቲሙንም አይምርም። ስለዚህ ችግኝ ከመዛወሩ በፊት ማሳ ለማጽዳት ካልሆነ በቀር በቆመ ቲማቲም ላይ አይረጭም።

ቱ-ፎር-ዲ ጤፍና ስንዴ አምራቾች ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ለማጥፋት የሚጠቀሙበት ነው። ቲማቲም ራሱ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል በመሆኑ ይህን ኬሚካል ፈጽሞ አይችለውም። የጎረቤት የጤፍ ማሳ ሲረጭ ነፋስ ያመጣው ብናኝ እንኳ የቲማቲሙን ቅጠል ይጠቀልለዋል፤ ያጣምመዋል። በደንብ ባልታጠበ መርጫ ውስጥ የቀረው ቅሪትም እንዲሁ ያደርጋል።

ሜትሪቡዚን በልኩ ከተረጨ ቲማቲሙን ሳይጎዳ ብዙ አረሞችን የሚያጠፋ ነው። መጠኑ ካለፈ ግን ሰብሉን ራሱን ያቃጥላል። «ትንሽ ጨመር ባደርግበት ይበረታል» የሚባለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ኪሳራ ነው።

አራተኛው ፓራኳት ነው። የነካውን ቅጠል በሰዓታት ውስጥ ያጠወልጋል። በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ነው። 20 በመቶ ጥንካሬ ካለው ፓራኳት አንድ ጉንጭ፣ ማለትም ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር የሚሆን፣ አዋቂን ሰው ሊገድል ይችላል። ማርከሻ የለውም። ሳንባ መርዙን ከደም ውስጥ እየሳበ ያጠራቅመዋል፤ ከዚያም በቀናት ውስጥ ሳንባው ጠባሳ እየሆነ ይሄዳል። ለመተንፈስ ለተቸገረ ሰው የምንሰጠው ኦክስጂን እንኳ በዚህ መርዝ ጊዜ ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው።

ስለ ግላይፎሴትና ካንሰር ብዙ ይጠየቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.አ.አ. በ2015 ግላይፎሴትን በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድል ካላቸው ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በሌላ በኩል የአውሮፓ ተቆጣጣሪ አካላት የደረሱበት ድምዳሜ ከዚህ የተለየ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.አ.አ. በ2023 ፈቃዱን ለተጨማሪ 10 ዓመት አድሶለታል። የሳይንቲስቶቹ ክርክር ከረጅም ጊዜ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ዛሬ ዓይን ውስጥ የገባ፣ ቆዳ ላይ የፈሰሰ ወይም የተዋጠ ኬሚካል እንደሚጎዳ ግን ማንም አይከራከርም።

ወደ ሰውነታችን የሚገባው እንዴት ነው?

አብዛኛው ሰው አደጋው በመተንፈስ የሚመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ነጠላ ወይም ሻሽ አፉ ላይ ጠቅልሎ ወደ ማሳ ይገባል። በርጭት ሥራ ላይ ግን ዋናው መግቢያ ቆዳ ነው። እንዲያውም የተጠቀለለው ጨርቅ ብናኙን መጦ ከአፍና ከአፍንጫ ጋር ያጣብቀዋል።

ከሁሉ የከፋው ሰዓት ደግሞ ርጭቱ ሳይሆን ብጥበጣው ነው። ያን ጊዜ ኬሚካሉ ገና በውኃ አልቀጠነም። በባዶ እጅ የሚለካ፣ በእንጨት ሳይሆን በክንዱ የሚያማስል ሰው ሙሉ ጥንካሬውን ነው የሚነካው። ሁለተኛው በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ነው። ክዳኑ ወይም ቱቦው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጀርባንና ብሽሽትን ሲያረጥብ ይውላል፤ የብሽሽት አካባቢ ቆዳ ደግሞ ስስ በመሆኑ ከእጅ መዳፍ በብዙ እጥፍ ይመጣል። ሦስተኛው የተደፈነን የመርጫ አፍንጫ በአፍ እፍ ብሎ መክፈት ነው። ይህን ያደረጉ ታካሚዎች ገጥመውኛል። ለዚያ ሥራ ስንጥር ወይም ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

አራተኛው ቤት ድረስ ይመጣል። ረጪው ሲረጭበት የዋለውን ልብስ ሳያወልቅ ልጁን ያቅፋል። ልብሱ ከሕፃናት ልብስ ጋር አብሮ ይዘፈዘፋል። የሚያጥቡት እናት ወይም እኅት ማሳውን ሳይረግጡ መርዙን ይነኩታል።

አረሙን ያለ ኬሚካል

አርሶ አደሩ ወደ ኬሚካል የሚሄደው ወዶ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ዋጋ ጨምሯል፤ አንድ ሰው በመርጫ በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን ብዙ ሰው በእጁ ቀናት ይፈጅበታል። ይህን ሳልረዳ ምክር አልሰጥም። ነገር ግን ቲማቲም ለአረም በጣም የሚጋለጠው ሙሉውን ወቅት አይደለም። ችግኙ ከተዛወረ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ናቸው ወሳኞቹ። በእነዚያ ሳምንታት ማሳው ንጹሕ ከሆነ ቲማቲሙ ራሱ ቅጠሉን ዘርግቶ መሬቱን ያጠላና ከሥር የሚበቅለውን አረም ያቀጭጨዋል። ጉልበትዎን እዚያ ላይ ካዋሉት ብዙውን ጊዜ ርጭት አያስፈልግም።

ከመትከልዎ በፊት ማሳውን ውኃ አጠጥተው አረሙ እንዲበቅል ያድርጉና መልሰው ይረሱት ወይም ይኮትኩቱት። ይህ ብቻውን ብዙ አረም ያስቀንሳል። ከተከሉ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ በወቅቱ መኮትኮት፣ በችግኞቹ መካከል ያለውን መሬት በገለባ ወይም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ፣ አቅም ካለ ውኃን ለተክሉ ሥር ብቻ በሚያደርስ ጠብታ መስኖ መጠቀም፣ ቲማቲምን በየዓመቱ በዚያው ማሳ ላይ አለመደጋገም ጥሩ ልምዶች ናቸው። ሰርዶና እንግጫ ከሥራቸው ቁራጭ ስለሚያቆጠቁጡ አንድ ጊዜ በመኮትኮት አይጠፉም፤ ደጋግመው ሥራቸውን ለቅመው ያውጡ። የአገራችን ደቦና ወንፈልም ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የጤና ማሳሰቢያ አለኝ። ቅንጨ አረም በእጅ ሲነቀል የቆዳ አለርጂ ያስነሣል፤ ብናኙ አስም ያለበትን ሰው ይቀሰቅሳል። ሳያብብ ይንቀሉት፤ ሲነቅሉም ጓንት ያድርጉ፣ እጅጌዎን ይሸፍኑ።

ርጭት የግድ ከሆነ

ሁሉን ሞክረው መርጨት ግድ ከሆነብዎ የሚከተሉትን አይርሱ።

ኬሚካሉን በታሸገ ዕቃው፣ ከነመለያ ወረቀቱ ብቻ ይግዙ። ለቲማቲም የተፈቀደ መሆኑን የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ፤ በነጻ የስልክ መስመር 8028 ደውለውም የግብርና ምክር ማግኘት ይችላሉ። በዕቃው ግርጌ ያለውን የቀለም መስመር ይመልከቱ። ቀይ ከሁሉ የበረታ መርዝነትን ያሳያል፤ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ ይመጣል። ሆኖም በቀለም ብቻ አይተማመኑ፤ ፓራኳት በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ የሚገኘው ከቀዩ ሳይሆን ከቢጫው ምድብ ነው።

ሲበጠብጡ የላስቲክ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ሲረጩ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና ቦት ጫማ ይልበሱ፤ የሱሪውን ጫፍ ከቦቱ ውጭ ያድርጉት፣ አለበለዚያ ፈሳሹ ወደ እግር ይወርዳል። በመርጫውና በጀርባዎ መካከል ወፍራም ላስቲክ ያድርጉ። ቆላ ላይ ይህን ሁሉ ለብሶ በፀሐይ መሥራት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነፋስ በሌለበት በማለዳ ይርጩ። እየረጩ አይብሉ፣ አያጭሱ፣ ጫት አይቃሙ። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ወደ ማሳው አይቅረቡ።

ሲጨርሱ ቤት ከመግባትዎ በፊት ልብስዎን አውልቀው ገላዎን በሳሙና ይታጠቡ። ልብሱ ለብቻው ይታጠብ። መርጫውን በመስኖ ቦይ፣ በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር አይጠቡ፤ ያ ውኃ የከብትም የሰውም መጠጥ ነው። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ውኃውን መርጫው ውስጥ ይጨምሩት፤ ከዚያ ዕቃውን ቀድደው ወይም በስተው ከጥቅም ውጭ ያድርጉት። የኬሚካል ጀሪካን ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ኬሚካልን ሃይላንድ በምንለው የውኃ ፕላስቲክም ሆነ በለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አያስቀምጡ። የተረፈውን በቁልፍ ይቆልፉበት። ቁልፉ የሚጠብቀው ሕፃናትን ብቻ አይደለም። በንዴት ወይም በተስፋ መቁረጥ ቅጽበት ላይ ያለን የቤተሰብ አባልም ይጠብቃል። ያች ቅጽበት ካለፈች ብዙ ሰው ወደ ልቡ ይመለሳል።

አደጋ ከደረሰ

የተረጨበትን ልብስ ወዲያው ያውልቁ። ቆዳውን በሳሙናና በብዙ ውኃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይጠቡ።

ከተዋጠ አያስመልሱ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም ያቃጥላልና፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። ወተት፣ እንቁላል፣ ዘይት ወይም አረቄ አይስጡ። ወተት መርዝ ያበርዳል የሚለው እምነት በየቤቱ አለ፤ ለዚህ መርዝ ግን ማርከሻ አይደለም፤ የሚያባክነው ጊዜ ደግሞ ውድ ነው። ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት፤ በአፉ ምንም አይስጡት።

ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በነጻ ስልክ 907 ይጠራል። ዕቃውን ከነመለያ ወረቀቱ ይዘው ይምጡ፤ ካልቻሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ለአንዳንድ የተባይ ማጥፊያ መርዞች አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለን፤ ለፀረ አረሞቹ ግን አይሠራም። ሐኪሙ ምን እንደተዋጠ በቶሎ ካወቀ ብቻ ነው መርዙ ወደ ደም ሳይገባ በመድኃኒት ከሰልና በመሰል መንገዶች ለመያዝ የሚሞክረው። እዚያ ላይ ሰዓታት ሳይሆኑ ደቂቃዎች ናቸው የሚቆጠሩት።

«ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል አይመኑ። ያ ወጣትም ደህና ነኝ ብሎኝ ነበር።

ቲማቲሙን የምንበላውስ?

ቲማቲም መብላትዎን አያቁሙ። ቫይታሚን ሲና ሌሎች ጠቃሚ ነገሮች አሉት። ፀረ አረም በአብዛኛው የሚረጨው በወቅቱ መጀመሪያ፣ መሬቱ ላይ ስለሆነ ፍሬው ላይ የመገኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው እስከ ለቀማ ድረስ በቅጠልና በፍሬ ላይ የሚረጨው የተባይና የበሽታ መከላከያ ነው። አምራቹ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ሊጠበቅ የሚገባውን ቀን፣ በመለያ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው መሠረት ሊያከብር ይገባል።

እርስዎ ደግሞ ቲማቲሙን በሚፈስ ውኃ ሥር በእጅዎ እያሹ ይጠቡት። በልብስ ሳሙና ወይም በበረኪና አይጠቡ። አቼቶና ሎሚ ኬሚካልን ያመክናሉ ብለውም አይተማመኑ። ልጣጩን መላጥና ማብሰል ላይ ላዩን ያለውን ቅሪት ይቀንሳል።

ጥንቃቄው የአርሶ አደሩ ብቻ አይደለም

በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሳይመዘገብ የሚሸጥ፣ ስሙ ሳይታወቅ በጠርሙስ የሚቀዳ ኬሚካል በየገበያው መታየቱ ግን አልቀረም። ነጋዴው ከትልቁ ጀሪካን ወደ ትንሹ ጠርሙስ ሲቀዳ አቅም ለሌለው ገበሬ የሚያዝን ይመስለዋል። የሚሸጠው ግን ስም የሌለው መርዝ ነው። በዚህ ላይ ቁጥጥሩ ከወረቀት ወደ ገበያ መውረድ አለበት።

የሌሎች አገሮች ልምድ ተስፋ ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእ.አ.አ. 2007 ጀምሮ ፓራኳትን አይፈቅዱም። ስሪላንካ ቀስ በቀስ ከገበያ አስወጥታዋለች። ደቡብ ኮሪያ እ.አ.አ. በ2011 ምዝገባውን ከሰረዘች በኋላ በፀረ ተባይና በፀረ አረም መርዝ የሚሞተው ሰው ቁጥር በግልጽ ቀንሷል፤ የእርሻ ምርቷ ግን በዚህ ምክንያት አላሽቆለቆለም።

በየቀበሌው የግብርና ባለሙያና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አሉ። ሁለቱ የሚገቡት ወደ አንድ ቤት ነው። አንደኛው ስለ ርጭቱ ሲያስተምር ሌላኛዋ ስለ አጠባበቁና ስለ መጀመሪያ ርዳታው ብታስተምር ትልቅ ሥራ ይሠራል። እኛ ሐኪሞችም ራስ ምታት፣ የቆዳ ማሳከክ፣ ማስመለስ ይዞት የመጣን ሰው «ሥራህ ምንድን ነው? ሰሞኑን ረጭተሃል ወይ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ጽሑፍ ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ዛሬውኑ በረንዳዎን፣ ጓዳዎን፣ የአልጋዎን ሥር ይመልከቱ። ስም የሌለው ጠርሙስ ካገኙ አያሽትቱት፣ አይቅመሱት፣ ቦይም ውስጥ አይድፉት። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ቆልፈውበት የግብርና ባለሙያውን ይጠይቁ። ቤተሰብ ገጠር ካለዎት ደግሞ ስልክ ደውለው ይህንኑ ይንገሯቸው።